ስለ ፍሬን ዘይት አመራረጥና አጠባበቅ

አንድ መኪና በቁልቁለት ላይ አልቆም ብሎ ከመንገድ በወጣ ጊዜ፣ ከሾፌሩም ሆነ ከተመልካቹ አፍ የሚሰማው ቃል «ፍሬን ተበጠሰ» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ፍሬን በሽቦ ገመድ ይሳብ ለነበረበት ዘመን የሚስማማ ነው፤ ገመድ ይበጠሳልና። ዛሬ ግን በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች፣ ሚኒባሶችና መካከለኛ የጭነት መኪናዎች የሾፌሩን የእግር ኀይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ሽቦ ሳይሆን ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ አይበጠስም፤ ነገር ግን ይፈላል። ከአደጋው በኋላ መኪናው ሲመረመር የተበጠሰ ነገር ሳይገኝ የሚቀርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የፍሬን ዘይት በመለዋወጫ ሱቅ ከሚሸጡት ዕቃዎች ሁሉ በዋጋው ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ስለ ሆነ፣ አስመጪውም ቸርቻሪውም ብዙ ትኩረት አይሰጡትም። ሆኖም ይህ ዕቃ ከፋብሪካ በመልካም ሁኔታ ወጥቶ በመጋዘን ወይም በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሊበላሽ የሚችል በመሆኑ፣ የደኅንነቱ ጉዳይ ከሾፌሩና ከመካኒኩ አስቀድሞ ነጋዴውን ይመለከታል።

ነገሩ በተለይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉት ከተሞች ነጋዴዎች የቀረበ ነው። ሆለታ ከዋና ከተማው በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ የአካባቢዋ የአበባ እርሻዎች ምርትም በቡራዩ በኩል አልፎ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ ይጓዛል። ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከሱሉልታ ወደ ሰሜን የሄደ መኪና የዓባይን ሸለቆ፣ ከሰበታ ወደ ጅማ የሄደ ደግሞ የግቤን ሸለቆ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ወደ ቁልቁለቱ የሚያመራ መኪና የፍሬን ዘይቱን የሚጨምረው፣ ብዙ ጊዜ በእነዚህ ከተሞች ካለ ሱቅ ወይም ጋራዥ ነው።

የፍሬን ዘይት ሥራ

ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ በዋናው የፍሬን ፖምፓ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይገፋል። ፈሳሽ በግፊት የማይታመቅ በመሆኑ፣ ግፊቱ በቀጫጭን ቱቦዎች በኩል በየጎማው ወዳሉት ትናንሽ ፖምፓዎች ሳይቀነስ ይደርሳል፤ እነርሱም ሸራውን ከታምቡሩ ወይም ከዲስኩ ጋር ያጣብቁታል። የጎማው ፖምፓ ፒስተን ስፋት ከዋናው ፖምፓ ፒስተን ሦስት እጥፍ ቢሆን፣ በዚያ ጎማ ላይ የሚያርፈው ኀይልም ሦስት እጥፍ ይሆናል። የአንድ ሰው እግር ብዙ ኩንታል የጫነ መኪና ለማቆም የሚረዳው በዚህ ሕግ ነው። ሕጉ በ17ኛው መቶ ዓመት በነበረው በፈረንሳዊው ሊቅ በብሌዝ ፓስካል ስም ይጠራል።

ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ1921 በአራቱም እግሮቹ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ይዞ ገበያ ከወጣ ወዲህ፣ ይህ አሠራር በዓለም ተስፋፍቷል። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ፈሳሹ ይዘጋጅ የነበረው የጉሎ ዘይትን ከአልኮል ጋር በመቀላቀል ነበር። ያ ቅልቅል በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ቦታውን ግላይኮል ከሚባሉት የኬሚካል ዐይነቶች ለሚሠራው ፈሳሽ ለቋል። ከዚህም የተነሣ ዛሬ «የፍሬን ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ በስሙ ዘይት ይባል እንጂ፣ ከሞተር ዘይት ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

የፍሬን ዘይት ጠላት ውኃ ነው

ከግላይኮል የሚሠራው የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበትን የመሳብ ጠባይ አለው። ጨው በክረምት በተከፈተ ዕቃ ሲቀመጥ እንደሚረጥብ ሁሉ፣ ይህም ፈሳሽ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ውኃ ይጠጣል። መኪና ውስጥ ከገባም በኋላ በማጠራቀሚያው ክዳን መተንፈሻና በላስቲክ ቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል ጥቂት በጥቂት እርጥበት መግባቱ አይቀርም። ውኃው ከፈሳሹ ጋር ፈጽሞ ስለሚዋሐድ በዐይን አይታይም።

የጉዳቱ መጠን በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። በአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት «ዶት 3» የተባለው ዐይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም። ከመቶ 3.7 እጅ ውኃ ከገባበት በኋላ ግን የሚፈቀደው ዝቅተኛ መፍያ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ከመቶ 3.7 እጅ ማለት በ1 ሊትር ውስጥ 37 ሚሊ ሊትር፣ ይኸውም የአንድ ቡና ሲኒ ግማሽ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ውኃ የ65 ዲግሪ አቅም ያሳጣል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ውኃው የፖምፓውንና የቱቦውን ብረት ከውስጥ ያዝጋል።

የደጋ አየርም የራሱ ድርሻ አለው። በሆለታ ከፍታ፣ ይኸውም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በደጋ ንፍሮ ለመብሰል የሚዘገየው ስለዚህ ነው። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ በከፍታ ቦታ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል።

ፈሳሹ የፈላ እንደ ሆነ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ሳይሆን የሚታመቅ ነገር ስለ ሆነ፣ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ኀይሉ እንፋሎቱን በማመቅ ብቻ ያልቃል፤ ፔዳሉም ያለ ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከሁሉ የሚያሳስተው መኪናው ቆሞ ፍሬኑ በቀዘቀዘ ጊዜ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ መሆኑና ፔዳሉ እንደ ቀድሞው መጠንከሩ ነው። መካኒኩ በማግሥቱ ሲመለከተው ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል። በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ጊዜም ፍሬኑ የሚፈተነው ረጅም ቁልቁለት ሳይወርድ ስለ ሆነ፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው ውኃ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

የቁልቁለቱ ሙቀት ምን ያህል ነው?

ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ውረድ ከ1,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ነው። ጭነቱንና የራሱን ክብደት ጨምሮ 50 ኩንታል የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቀዝቃዛ ውኃ እስከ መፍላት ያደርሳል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ የወረደ እንደ ሆነ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ሞተሩ ይሸከምለታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ማርሹን አውጥቶ የለቀቀ ግን ከነፋስ መከላከል በቀር ሙቀቱን ሁሉ በታምቡሩና በዲስኩ ላይ ይጭነዋል፤ ከዚያም ሙቀቱ ወደ ፈሳሹ ያልፋል።

በዚህ ጊዜ የሚደርሱት ሁለት ልዩ ልዩ ጉድለቶች ስለ ሆኑ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ፔዳሉ ጠንክሮ ሳለ መኪናው አልቆም ካለና የተቃጠለ ሽታ ከተሰማ የጋለው ሸራው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ከሰመጠ ግን የፈላው ዘይቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሾፌር ፔዳሉን ደጋግሞ በፍጥነት ቢረግጥ ጥቂት ግፊት ሊያገኝ ይችላል። ማርሹን ዝቅ ማድረግና የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብም ይገባል፤ የእጅ ፍሬን በብዙ መኪናዎች በሽቦ የሚሠራ በመሆኑ የዘይቱ መፍላት አይነካውምና። መኪናው ከቆመ በኋላ በጋለው ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይሻላል።

የፍሬን ዘይት ዐይነቶችና አመራረጣቸው

በገበያ የሚገኘው የፍሬን ዘይት በአራት ምድብ ይከፈላል። «ዶት 3» ከላይ እንደ ተገለጸው አዲስ ሳለ 205፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ 140 ዲግሪ መቋቋም የሚገባው ነው። «ዶት 4» አዲስ ሳለ 230፣ ከእርጥበት በኋላ 155 ዲግሪ ይችላል። «ዶት 5.1» አዲስ ሳለ 260፣ ከእርጥበት በኋላ 180 ዲግሪ ይደርሳል። እነዚህ ሦስቱ በግላይኮል ላይ የተመሠረቱ ስለ ሆኑ እርስ በርሳቸው ቢቀላቀሉ አይጣሉም፤ ሆኖም ዝቅተኛው የከፍተኛውን አቅም ያወርደዋል። ስለዚህ «ዶት 4» በሚጠይቅ መኪና ላይ «ዶት 3» መጨመር አይገባም።

አራተኛው «ዶት 5» ነው። በቁጥሩ ከ«ዶት 5.1» ጋር ቢመሳሰልም ባሕርዩ ፍጹም የተለየ ነው፤ የሚሠራው ከሲሊኮን በመሆኑ ከሦስቱ ጋር ከቶ መቀላቀል የለበትም። ከውኃም ጋር ስለማይዋሐድ የገባው እርጥበት በዝቅተኛው ቦታ ለብቻው ይጠራቀማል። ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው ጎማ እንዳይንሸራተት የሚከላከል መሣሪያ ላላቸው መኪናዎችም በአብዛኛው አይፈቀድም። ስለዚህ ነጋዴው ከነጥቡ በኋላ ያለችውን «1» ሳያይ «ዶት 5»ን በ«ዶት 5.1» ፋንታ ቢሸጥ፣ ደንበኛውን ከባድ ጉዳት ላይ ይጥለዋል።

ለአንድ መኪና የሚስማማው ምድብ ብዙ ጊዜ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ደንበኛውን «የትኛው ነው የሚያሻህ?» ከማለት ይልቅ «ክዳኑ ላይ ምን ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ኮፈኑን ከፍቶ ክዳኑን ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የመጣበት ዕቃ ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብቻ ይሻላል ማለትም አይደለም፤ ዋናው ነገር ምድቡ የሚስማማ፣ ማሸጊያውም ያልተነካ መሆኑ ነው።

አስመጪዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በአሜሪካ ደንብ መሠረት በታሸገ ዕቃ ላይ የምድቡ ስም፣ የአሻጊው ስም፣ የታሸገበትን ጊዜ የሚያስታውቅ ቁጥር፣ እንዲሁም ከእርጥበት በኋላ ያለው ዝቅተኛ መፍያ ይጻፋል፤ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ግን በፋራናይት ነው። ስለዚህ በ«ዶት 3» ቆርቆሮ ላይ የሚታየው 284 ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በ«ዶት 4» ላይ የሚታየው 311 ደግሞ ከ155 ዲግሪ ጋር እኩል ነው። ይህን ሳያውቅ 284ን እንደ ሴንቲግሬድ የቆጠረ ሰው፣ ዝቅተኛውን ምድብ ከሁሉ የበለጠ አድርጎ ሊገምት ይችላል።

የነጋዴው ኀላፊነት

1ኛ፣ የማሸጊያ መጠን። የፍሬን ዘይት አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። ጥቂት መጨመር ለሚፈልግ ደንበኛ ትንሹን ዕቃ፣ ሙሉ በሙሉ ለሚያስለውጥ ትልቁን መሸጥ ይገባል፤ ለአንድ ትንሽ አውቶሞቢል ሙሉ ለውጥ ብዙ ጊዜ 1 ሊትር ያህል ይበቃል። ከትልቅ ዕቃ እየቀነሱ በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ መሸጥ ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ዘይቱ አየር እየነካው ይበላሻል። ሁለተኛ፣ መልኩ ፈዛዛና ንጹሕ ስለ ሆነ ሰው ወይም ሕፃን እንደ መጠጥ ቢያነሣው መርዝ ነው።

2ኛ፣ አቀማመጥ። ደጋ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ የሚበርድ በመሆኑ፣ ክዳኑ በላላ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር ቀን እየሰፋ ይወጣል፤ ሌሊት እየጠበበ እርጥበት ያለውን የውጭ አየር ይስባል። ዕቃው እንደሚተነፍስ ይቆጠራል። ስለዚህ የታሸገውም ቢሆን በፀሐይ ከሚመታ መስኮትና ከረጠበ የሲሚንቶ ወለል ርቆ፣ በደረቅ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። በፕላስቲክ የታሸገው ከቆርቆሮው ይልቅ በረጅም ጊዜ እርጥበት ስለሚያሳልፍ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲሸጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

3ኛ፣ መመርመር። ከክዳኑ ሥር ያለው መክደኛ የተቀደደ ወይም ተመልሶ የተለጠፈ ዕቃ መቀበል አይገባም። ምንነቱ ያጠራጠረ ፈሳሽ ሲያጋጥም ቀላል ፈተና አለ፤ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ጨምሮ ማማሰል ነው። ከግላይኮል የተሠራው ከውኃው ጋር ይዋሐዳል። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ከሆነ ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህ ፈተና የተሳሳተውን ፈሳሽ ይገልጣል እንጂ፣ ምድቡንና አዲስነቱን አያረጋግጥም። በመልክ ብቻ መተማመንም አይበቃም።

በማዕድን ዘይት የመጣው ጉዳት ከባድ ነው። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም ናፍጣ በፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂትም ቢሆን ከገባ፣ በፖምፓዎቹ ውስጥ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች፣ በመካኒኮች አጠራር ጎሚኒዎች፣ ያብጣሉ፤ ፍሬኑም ይይዛል ወይም ያፈስሳል። በዚህ ጊዜ ዘይቱን መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ቱቦው ታጥቦ የነካቸው ላስቲኮች ሁሉ መለወጥ አለባቸው። የፍሬን ዕቃን በቤንዚን ማጠብም ስለዚሁ ነውር ነው። በዘይት ቆርቆሮ ዋጋ የተቆጠበው ገንዘብ በፖምፓ ዋጋ ይከፈላል።

የባለ መኪናው ተግባር

ባለ መኪናው የዘይቱን ልክ በየጊዜው ማየት አለበት፤ በማጠራቀሚያው ላይ ካሉት ከሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን ይገባዋል። ቀስ በቀስ የወረደ እንደ ሆነ ሸራው እያለቀ መሆኑን፣ በድንገት የወረደ እንደ ሆነ ደግሞ የሚያፈስስ ቦታ መኖሩን ያመለክታል። ስለዚህ ምክንያቱን ሳይመረምሩ መሙላት ብቻ በሽታውን መሸፈን ነው። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ መጠረግ አለበት። ዘይቱ ቀለም ስለሚበላ በመኪናው አካል ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠባል።

መኪናው ብዙ ባይሄድም እንኳ ዘይቱ እርጥበት መሳቡን አያቋርጥም። ስለዚህ ብዙዎቹ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲለወጥ ያዝዛሉ። ረጅም ቁልቁለት የሚመላለስ መኪና ይህን ጊዜ ባያሳልፍ ይሻለዋል። የዘይቱን እርጥበት የሚለኩ ትናንሽ የእጅ መሣሪያዎችም በዓለም ገበያ ይገኛሉ፤ ለጋራዦች ቢቀርቡ ጠቃሚም አትራፊም ንግድ ይሆናሉ።

ለውጡ ሲደረግ ማጠራቀሚያው ባዶ እስኪሆን መተው የለበትም፤ አየር ይገባልና። መመሪያው ሌላ ካላዘዘ በቀር በብዙ መኪናዎች ከዋናው ፖምፓ ሩቅ ከሆነው ጎማ ይጀመራል። አንዱ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው የማስተንፈሻውን ቡሎን ይከፍታል፤ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊትም መልሶ ይዘጋል። አዲሱ ፈሳሽ ያለ አረፋ እስኪመጣ ድረስ ይህ ይደጋገማል። የወጣው ዘይት ንጹሕ ቢመስልም ተመልሶ አይጨመርም፤ ወደ ቦይም መፍሰስ የለበትም። ኤ.ቢ.ኤስ. ያላቸው አንዳንድ መኪናዎች ልዩ መሣሪያ ስለሚፈልጉ ወደ ሠለጠነ ባለሙያ መውሰድ ይገባል።

ይህ ምክር ለትልቅ መኪና ብቻ የተነገረ አይደለም። በከተሞቹ ውስጥ ተሳፋሪ የምታመላልሰው ባለ ሦስት እግር ባጃጅም ፍሬኗ በዘይት የሚሠራ ነው። ትላልቆቹ ተሳቢዎች ግን ፍሬናቸው በታመቀ አየር ስለሚሠራ ጥንቃቄያቸው ሌላ ነው። በብዙ መኪናዎች የፍሪሲዮኑም ዘይት ይኸው የፍሬን ዘይት መሆኑን ነጋዴው ለደንበኛው ቢያስታውስ መልካም ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዎች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። እነዚህ መኪናዎች የሞተር ዘይት ስለማያስፈልጋቸው፣ አንዳንድ ነጋዴ የዘይት ንግድ ሁሉ የሚቀር ይመስለው ይሆናል። የፍሬን ዘይት ግን ለእነርሱም ያስፈልጋል። ሞተራቸው ፍጥነት ሲቀንስ ኤሌክትሪክ እያመነጨ መኪናውን ስለሚይዘው ሸራቸው ቀስ ብሎ ያልቃል፤ ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት መሳቡን አይተውም። እንዲያውም ሸራው ለረጅም ጊዜ ስለማይለወጥና ፍሬኑ ስለማይፈታ፣ ዘይቱ ሊረሳ ይችላል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከደጋ ለሚወርድ መኪናም ሞተሩ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ ብዙው ሥራ በተለመደው ፍሬን ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ትክክለኛውን ምድብ ማዘዝ፣ ማሸጊያውን መመርመር፣ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ሳይከፍቱ መሸጥና ለደንበኛው የሚለወጥበትን ጊዜ ማስታወስ ነው። ሾፌሩ በቁልቁለቱ መካከል ሆኖ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ውኃ ለማውጣት አይችልም፤ ውኃው እንዳይገባ መከልከል ግን በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መደርደሪያዎች ላይ ይቻላል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ የዚህ ጥንቃቄ ጊዜው መኪናው ገና ሜዳ ላይ ሳለ ነው።